ከስንዴ የሚከለከለው ማን ነው?

ውድ እኅቶቻችን፣ ማዳም «ልጄ ኹብዝ አይብላ» ብትላችሁ ቅብጠት አይምሰላችሁ። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ሲበላ፣ የገዛ ሰውነቱ ትንሹን አንጀት ያቆስልበታል፤ ልጅ ከሆነ እድገቱ ይቀጭጫል። መፍትሔው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መከልከል ነው። ፍርፋሪም ይጎዳዋል። ስለዚህ ቡርጉል፣ ፍሪኬ፣ ኩባና ባስቡሳ አትስጡት። መንሳፍ ስታቀርቡም ከሥር የሚነጠፈው ሽራክ ስንዴ ነውና፣ የእርሱን ሩዝ አስቀድማችሁ በንጹሕ ማንኪያ ለብቻ አውጡለት።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ግን አይሆንለትም።

ከመካከላችን ሆዷን ዘወትር የሚነፋት፣ የሚያስቀምጣት ወይም ደም ማነስ ያለባት ብትኖር ስንዴ ሳታቆም ትመርመር፤ አስቀድማ ካቆመች የደም ምርመራው ሕመሙን ላያሳይ ይችላል። ስንዴ የሚስማማት ግን ያለ ስጋት ትብላ።