ለሚገፋው ሁሉ የሚከፈት በር

አዲስ በተሠራ ሆስፒታል ወይም ሆቴል ውስጥ፣ በደረጃው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ በሮች የሚዞር እጀታ የሌለው ከባድ የብረት በር አለ። በእጀታው ፈንታ በወገብ ቁመት አንድ ዘንግ በአግድም ተዘርግቶበታል። ዘንጉን በእጅ፣ በክርን፣ በደረት ወይም በጀርባ ሲጫኑት በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ቁልፍ አይጠይቅም፤ የሚዞርም የሚሳብም ነገር የለውም። ከውጭ ለመጣ ሰው ግን ያው በር የተቆለፈ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ደኅንነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ካሜራ፣ ወደ አጥሩ ከፍታና ወደ ዘበኛው ብዛት ይሄዳል። እኔ ግን ማንኛውም ርዕሰ መምህርና ማንኛውም ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን በር ቢያውቀው እመኛለሁ።

የበሩ ታሪክ የሚነሳው ከሕፃናት ሞት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1883 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር፣ በሰንደርላንድ ከተማ፣ ቪክቶሪያ በተባለው አዳራሽ ለልጆች ትርኢት ይታይ ነበር። በመጨረሻው ላይ ከመድረክ ስጦታ ሲታደል ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች እንዳያመልጣቸው ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ከደረጃው ግርጌ ያለው በር ወደ እነርሱ፣ ማለትም ወደ ውስጥ፣ የሚከፈት ነበር፤ ያውም ልጆቹ አንድ በአንድ እንዲያልፉ ተብሎ ጠባብ ክፍተት ብቻ ትቶ ወለሉ ላይ ተቀርቅሯል። የመጀመሪያዎቹ እዚያው ተቀረቀሩ፤ የኋለኞቹ ግን መውረዳቸውን አላቆሙም። 183 ልጆች ሞቱ፤ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 14 ነበር። እሳት አልተነሳም፤ ጭስም አልነበረም። የገደላቸው የበሩ አሠራር ነው።

ነገሩን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬም በብዙ መማሪያ ክፍሎች በር ላይ አለ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር እንዲከፈት ፊቱ የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በሰላም ቀን ይህን ማንም ልብ አይለውም። 40 ልጆች ከኋላ ሲገፉ ግን ፊተኛው የሚመለስበት ቦታ የለውም። ኋላ ያለው ልጅ በሩ ጋ ምን እንደተፈጠረ አያይም፤ የሚታየው ሰልፉ መቆሙ ብቻ ስለሆነ ይበልጥ ይገፋል፤ በገፋ ቁጥርም በሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ልጆችን «አትገፋፉ» ብሎ ማስተማር ተገቢ ነው። ነገር ግን የ6 ዓመት ሕፃን ጭስ እያፈነው ትምህርቱን እንዲያስታውስ ጠብቆ ሕይወቱን በዚያ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ያንኑ ግፊት መክፈቻው ያደርገዋል። ከልጁ ብልሃትም ድፍረትም አይፈልግም።

ዘንጉ የመጣው ከሰንደርላንዱ አደጋ በኋላ ነው። ሮበርት አሌክሳንደር ብሪግስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1892 ለእንዲህ ያለ መቀርቀሪያ የፈጠራ መብት አወጣ። በአሜሪካ ደግሞ ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ ኢሮኮይ ቲያትር በተነሳው እሳት ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ለበዓል ሰሞን ትርኢት የመጡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ከመውጫዎቹ ብዙዎቹ ተቆልፈው ወይም ሰው በማያውቀው መቀርቀሪያ ተይዘው ነበር። ካርል ፕሪንዝለር የሚባል የኢንዲያናፖሊስ የብረታ ብረት ነጋዴ የዚያን ቀን ቲያትሩን ለማየት አስቦ ሥራ አስቀረው። ሐሳቡ ስላልለቀቀው ሄንሪ ዱፖንት ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በ1908 የመግፊያ ዘንጉን ለገበያ አቀረበ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉ ሲጫን ውስጥ ለውስጥ የተያያዘው ብረት የቁልፉን ምላስ ከመቃኑ ስቦ ያስገባዋል፤ ሲለቀቅ ሞላው ምላሱን ይመልሰዋል። ሁለት ተካፋች ባለው ሰፊ በር ላይ ያው ግፊት ወደ ላይና ወደ ታች የተቀበሩ ቀጫጭን ብረቶችን ይስባል። ከባዱ ሥራ በጭንቅ ሰዓትም እንዲሠራ ማድረጉ ላይ ነው። በአሜሪካ ደንብ ምላሱን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ግፊት ከ67 ኒውተን፣ ማለትም 7 ኪሎ ግራም ገደማ ከሚመዝን ዕቃ ክብደት፣ መብለጥ የለበትም፤ ትንሽ ልጅም ይችለዋል። የአውሮፓው መለኪያ ደግሞ በሩ በ1,000 ኒውተን ኃይል እየተገፋ ሳለ ይፈትነዋል። ሰው በላዩ ላይ ተደራርቦ ቢጫነውም ዘንጉ መታዘዝ አለበት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት የሕንፃ ደንብ 50 እና ከዚያ በላይ ሰው ለሚወጣበት የትምህርት ቤት በር፣ ቁልፍ ካለው፣ ይህን ዘንግ ግዴታ አድርጎታል።

በር የሚቆልፍ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ልጆቹን ሊጠብቅ ነው የሚቆልፈው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በ2001 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማቻኮስ በሚገኘው የኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሌሊት የወንዶች መኝታ ቤት ተቃጠለ። ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም በብረት ታጥረዋል። 67 ልጆች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት በመካ በኪራይ ሕንፃ በሚሠራ የሴቶች ትምህርት ቤት በተነሳ እሳት 15 ልጃገረዶች ሞቱ፤ ግቢው በትምህርት ሰዓት ይቆለፍ ነበር፤ ብዙዎቹም ያለቁት ደረጃው ላይ ተረጋግጠው ነው። ኬንያ በ2008 የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መመሪያ አውጥታ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ መስኮቶችም ያለ ብረት እንዲሆኑ አዘዘች። እንዲያም ሆኖ በመስከረም 2024 በኒዬሪ አካባቢ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በተነሳ እሳት 21 ልጆች አልቀዋል። መመሪያ ብቻውን በር አይከፍትም።

በከተሞቻችን ብዙ የግል አጸደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ቪላ ውስጥ ነው። የመኖሪያ ቤት መስኮት ፍርግርግ አለው። የመኝታ ክፍል በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ለሁለት ሰው በቂ ነበር፤ አሁን ለአንድ ክፍል ተማሪ ሆኗል። ትልቁ የላሜራ በር በጓጉንቸር ተዘግቶ ልጆቹ የሚገቡትም የሚወጡትም በትንሿ በር ነው፤ ቁልፉም ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ምሳ ሊበላ ወጣ ቢል የ300 ልጆች መውጫ አብሮት ወጣ ማለት ነው። ይህ ያስፈራኛል፤ ልጆቻቸውን እዚያ የሚያውሉ ወላጆችንም ሊያስፈራቸው ይገባል።

ለማስተካከል ግን ዘንጉ ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የክፍሉን በር ነቅሎ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ መልሶ መግጠም የሰፈር በያጅ የሚችለው ሥራ ነው። ኮሪደሩ ጠባብ ከሆነ በሩ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ሙሉ በሙሉ እንዲለጠፍ ማጠፊያውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ክፍል የከፈተው በር የሌላውን ክፍል መንገድ ይዘጋል። ምድር ቤት ባለው ክፍል ከመስኮቶቹ የአንዱን ፍርግርግ ቆርጦ በማጠፊያ ማንጠልጠልና ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት መቀርቀሪያ ማበጀት ይቻላል። በክፍሉ በር ላይ ከውጭ የተበየደ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይቆረጥ፤ ልጅ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ሳያውቅ ሊቆልፍበት ይችላል።

ፎቅ ላለው ትምህርት ቤት አንድ ተጨማሪ በር አለ፤ የደረጃው በር። ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 በቺካጎ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር የተነሳ እሳት 92 ተማሪዎችንና 3 መነኮሳት መምህራንን ገደለ። በአንደኛው ፎቅ ደረጃው የተዘጋ በር ስለነበረው ጭሱ ኮሪደሩ ውስጥ እንደልቡ አልገባም። በሁለተኛው ፎቅ ግን በር ስላልነበረ ጭሱና ሙቀቱ በደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሟቾቹም የሁለተኛው ፎቅ ልጆች ነበሩ። የልምምድ እጥረት አልነበረም፤ በልምምድ የለመዱት መንገድ ራሱ ነው የታፈነው። ስለዚህ የደረጃ በር ሁልጊዜ ራሱን በራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ ነፋስ እንዲገባ ተብሎ ድንጋይ ሲደገፍበት የተሠራበት ዓላማ ይቀራል።

ልምምድም ከዚህ የተነሳ መልኩን መቀየር አለበት። ደወል ተደውሎ ሁሉም በዋናው በር ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሰለፍ ሰልፉ ያምራል፤ የሚያስተምረው ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው። የተሻለው መምህራኑ ሳይነገራቸው አንዱን መውጫ «እዚህ እሳት አለ» ብሎ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ የሁለተኛው በር ቁልፍ የት እንዳለ፣ ከበሩ ጀርባ የተቆለለው አሮጌ ዴስክ መቼ እንደሚነሳ፣ በየክፍሉ የስም ጥሪ ወረቀቱን ይዞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ደወሉም ለዕረፍት ከሚደወለው በግልጽ የተለየ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋም የሚሰማ፣ በእጅ የሚመታ።

ጥሩ ዘንግ ባለበት ሁሉ አንድ ጠላት ይከተለዋል፤ ሰንሰለት። ሌሊት ሌባ ይገባል ተብሎ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ጠዋት ሳይፈታ ይረሳል። በእንግሊዝ ቲያትር ቤቶች ለዚህ የተገኘው ዘዴ ለእኛም ትምህርት ቤቶች ይሆናል። እያንዳንዱ የበር ሰንሰለት ቁጥር አለው፤ በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይም ያንኑ ቁጥር የያዘ ሚስማር አለ። ሰንሰለቶቹ በሙሉ በየሚስማራቸው ካልተሰቀሉ ተመልካች አይገባም። እኛም ጋ የመጀመሪያው ደወል ከመደወሉ በፊት ርዕሰ መምህሩ ግድግዳውን አይቶ ይፈርም፤ ባዶ ሚስማር ካለ ግን የዚያ ቁጥር በር ተሄዶ እስኪፈታ ድረስ ደወሉ ይቆይ።