ያረጀ ቤት ሁሉ ቅርስ ነው?

ከቢዮ አዋሌ ድሬዳዋ ከተማ የገባ ሰው ገበያውን ጨርሶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ሲደርስ ሌላ ከተማ የገባ ይመስለዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሚሰጥ፣ ቤቱም ባለ በረንዳ ነው። ከዚራ የባቡሩ ልጅ ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። ድሬዳዋም እዚያው ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ እነዚህን ቤቶች የሚጠብቃቸው ማነው? ብዙዎቻችን «መንግሥት ነዋ!» ብለን እናልፋለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አይተወውም። ቅርስ የግለሰብም ሊሆን ይችላል። ባለይዞታው ማስመዝገብ አለበት፤ በራሱ ወጪም ይጠብቀዋል። ጥገና ሲያስፈልግ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። ብዙ ቅርሶች አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ደግሞ የተከለለ ሥፍራ ተብሎ ሊታወጅ ይችላል፤ ከታወጀ በኋላ ያለ ፈቃድ መገንባትም መቆፈርም አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል።

እንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ሕግ ወዲህ ታሪካዊ ሕንፃዎች በዝርዝር እየተመዘገቡ በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ባዝ በምትባለው ከተማ የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው የቤቱን ታሪካዊ ገጽታ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ ቢሠራ በወንጀል ይጠየቃል። የቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ እንደፈለገ ማፍረስ ግን አይችልም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የድሮ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይፈርስም። ዛሬ የእንጨት መስኮቱ በብረት ይለወጣል፣ ነገ በረንዳው ተዘግቶ ሱቅ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ «ይሄማ ምን ታሪክ አለው?» ይባላል። በዚያ ቤት የሚኖረውን ሰው ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈሰው በእሱ ላይ ነው። ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት፣ ድጋፍ ሊያገኝ እንደሚችልም የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ሕጉ መጽሐፍ ላይ ብቻ ከቀረ ቤቱን አያድነውም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሥራው ያለው እዚህ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሐዘን መጻፍ ቀላል ነው። ሳይፈርስ ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቤቱ ተመዝግቧል ወይ? ለሥራው ማን ፈቀደ? ነዋሪውስ መብቱንና ግዴታውን ያውቃል ወይ? መልሱ ሲጻፍ የቤቱ ባለቤትም፣ ፈቃድ ሰጪውም እኩል ያነቡታል።