ያልተከለሰ ቃል አይቆይም

 

ወደ ውጭ አገር ሄደው ከፍተኛ ትምህርት ለመማር ወይም በሙያቸው ለመሥራት የሚያመለክቱ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ከሚጠየቋቸው ማስረጃዎች አንዱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤት ነው። ከእነዚህ ፈተናዎች በሰፊው የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ቶፍልና በ1989 ሥራ ላይ የዋለው አይልትስ ናቸው። የፈተናው ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ የአባት ቁጠባ፣ የእናት ዕቁብ፣ የወንድም ደመወዝ ተሰባስቦ የሚከፈልበት ጊዜ አለ። ውጤቱም በአብዛኛው የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ስለሆነም ሳይዘጋጁ መፈተን የቤተሰብን ገንዘብና የራስን ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ብዙ ተፈታኞች ዝግጅታቸውን የሚጀምሩት ወፍራም መዝገበ ቃላት ይዘው ነው። በአንድ ሌሊት 100 ቃል ያጠናሉ፤ በሳምንቱ ሲጠየቁ ግን አብዛኛው ጠፍቶባቸዋል። ከዚያም «እኔ ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። እውነቱ ግን ጉድለቱ ያለው በአጠናኑ ላይ መሆኑ ነው።

ለምን እንረሳለን?

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና መርሳትን ለካ፤ ውጤቱንም በ1885 አሳተመ። ያገኘው ነገር፣ ሰው ያጠናውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነበር። እያራራቁ መከለስ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጥናት እንደሚሻልም አሳይቷል።

ይህ ነገር ለቁርኣን ቤት ደረሳ እንግዳ አይደለም። ሒፍዝ የያዘ ልጅ በየቀኑ አዲስ ትምህርት ብቻ እየጨመረ አይሄድም። የትናንቱን ለኡስታዙ ያሰማል፤ ያለፈውን ሳምንት ይመልሳል፤ የቆየውንም በተራው ይደግማል። ሙራጀዓ ያቆመ ሰው የያዘው እንደሚያመልጠው ያውቃልና ነው። ታዲያ ይህንኑ ልማድ ለእንግሊዝኛ ቃላት የማናውለው ለምንድን ነው?

የትኞቹን ቃላት?

የእንግሊዝኛን ቃላት ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ በየዕለቱ ንግግርና ንባብ የሚመላለሱትን 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላት ማጠናቀቅ ያሻል። ከዚያ ቀጥሎ የኒውዚላንዷ ምሁር አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ 570 የቃል ቤተሰቦችን የያዘ ሲሆን፣ የተመረጡትም 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ካሏቸው የትምህርት ጽሑፎች ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፎች 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። «ኢኮኖሚ»፣ «ፖሊሲ»፣ «ኮምፒዩተር»፣ «ቴክኖሎጂ» በዝርዝሩ ውስጥ ስላሉ፣ አንባቢው ከባዶ አይጀምርም።

የቃል ቤተሰብ የሚባለው ምንድን ነው? በዐረብኛ ከተበ፣ ኪታብ፣ ካቲብ፣ መክተብ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ፣ በአማርኛም ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጻፊያ ዘመዳሞች እንደሆኑ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም «አናላይዝ» ብሎ መተንተንን የተማረ ሰው «አናሊሲስ» ትንተና፣ «አናሊስት» ተንታኝ መሆናቸውን አብሮ መያዝ አለበት። በዚህ መንገድ አንድ ሥር ብዙ ቃላትን ያስከትላል።

ቃል ከጓደኛው ጋር

ትርጉም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እኛ «ሬዲዮ ክፈት» እንላለን፤ ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ኦፕን ዘ ሬዲዮ» የሚል ተማሪ ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛው «ተርን ኦን» ነው። «ውሳኔ ሰጠ» የምንለውንም «ጊቭ» በሚለው ሳይሆን «ሜክ ኤ ዲሲዥን» በማለት ነው የሚገልጹት። በአይልትስ የጽሑፍና የንግግር ክፍሎች ውስጥ የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ፈታኙም የቃሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ቦታውን ያያል። በማዳመጥ ክፍል ደግሞ ፊደል የገደፈ መልስ ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ ቃሉን ከነአጻጻፉና ከነጓደኛው፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድርጎ ማጥናት ይበጃል።

ካርድና ሣጥን

ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ርካሽና ቀላል ነው። ቁራጭ ካርቶኖች ይዘጋጃሉ። በአንዱ ገጽ እንግሊዝኛው፣ በሌላው የአማርኛ ትርጉሙና ምሳሌው ይጻፋል። ሣጥኑ በአምስት ይከፈላል። አዲስ ካርድ በመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ከተመለሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከተሳተ ግን የትም ይድረስ የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ፣ የኋለኞቹ እየተራራቁ ይከለሳሉ።

በቀን 5 አዳዲስ የቃል ቤተሰቦችን፣ በሳምንት 6 ቀን የሚያጠና ወጣት በሳምንት 30 ይይዛል፤ 570ዎቹን በ19 ሳምንት ይጨርሳል። ሰባተኛው ቀን ለክለሳ ብቻ ይሁን። ዕለታዊ ጥናቱም ከፈጅር በኋላ ባለው ጸጥታ ቢሆን መልካም ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት እንኳ ልጇን ልትጠይቅ ትችላለች። ካርዱ ላይ በአማርኛው ገጽ የቃሉ አነጋገር በፊደላችን ተጽፎ ከተቀመጠ፣ እርሷ ትርጉሙን ታነብባለች፤ ልጁ ቃሉን ይናገራል፤ በወረቀትም ይጽፋል፤ እርሷም አነጋገሩን ታመሳክራለች። ልጁም «ነገ አጠናዋለሁ» ማለቱን ይተዋል፤ የሚጠብቀው ሰው አለና።

ከአቋራጭ እንጠንቀቅ

«የፈተናውን ጥያቄ እናውቃለን» ወይም «ይህን ድርሰት ሸምድዳችሁ ግቡ» የሚሉ ነጋዴዎች አይጠፉም። በአይልትስ እንዳለ ተሸምድዶ የተገለበጠ ድርሰት ዝቅተኛ ነጥብ ያሰጣል። ማታለል በዲናችን የተወገዘ መሆኑም የታወቀ ነው። ይሁንና አንድ ሰው አታልሎ ቢያልፍ እንኳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆም ያልተማረው ቃል ያሳፍረዋል፤ ሌላውንም ሊጎዳ ይችላል።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! የፈተናው ቀን ከመቆረጡ በፊት ሣጥኑ ይዘጋጅ። ዛሬ አምስት፣ ነገ አምስት፤ የትናንቱንም ሳትመልሱ አትደሩ። አላህ ልፋታችሁን ፍሬያማ ያድርግላችሁ።