ቀኑ ሳይደርስ የሚያዝ ቀጠሮ፦ የዋልያዎቹ የወዳጅነት ጨዋታዎች እንዴት ይታቀዳሉ?

የአንድ አገር ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በዓመት የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ነጥብ የሚያዝባቸው የማጣሪያና የዋንጫ ጨዋታዎች ሲሆኑ፣ ቀናቸውንም ሆነ ተጋጣሚያቸውን የሚወስኑት የዓለም እግር ኳስን የሚመራው ፊፋ እና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ካፍ፣ ናቸው። ሁለተኞቹ ግን የየአገሩ ፌዴሬሽን ራሱ ተጋጣሚ ፈልጎ፣ ቀን ቆርጦ፣ ወጪውን ችሎ የሚያዘጋጃቸው ሲሆኑ የወዳጅነት ወይም የአቋም መፈተሻ ጨዋታዎች ይባላሉ። በማጣሪያ ጨዋታ ላይ ክፉ ዕጣ ሊወጣ፣ ጠንካራ ተጋጣሚ ሊደርስ ይችላል፤ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ግን ምርጫው ሙሉ በሙሉ የፌዴሬሽኑ በመሆኑ፣ የአንድ ፌዴሬሽን የማቀድ ችሎታ ከሌላው ሥራው ሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ነው።

ቀጠሮ ለመያዝ መነሻው ፊፋ ለዓመታት አስቀድሞ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀን መቁጠሪያ ነው። ይህ ሰነድ በዓመት ውስጥ ለብሔራዊ ቡድኖች ብቻ የተከለሉ ጊዜያትን የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ በስፖርት ጋዜጠኞች ዘንድ እነዚህ ጊዜያት የፊፋ ቀናት ይባላሉ። እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበር፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ይውሉ የነበረ ሲሆን፣ አንዱ ክልል ብዙውን ጊዜ 9 ቀን ሆኖ ሁለት ጨዋታ ያስተናግድ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ግን የሴፕቴምበርና የኦክቶበሩ ተዋህደው 16 ቀንና አራት ጨዋታ ያለው አንድ ረጅም ክልል እንዲሆኑ ተወስኗል። የእነዚህ ቀናት ዋና ትርጉም ክለቦች ለብሔራዊ ቡድን የተጠሩ ተጫዋቾቻቸውን የመልቀቅ ግዴታ ያለባቸው በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ተጫዋቾች በግብጽ ሊግ ለዓመታት የተጫወተው ሽመልስ በቀለም ሆነ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያቀናው አቡበከር ናስር ከእነዚህ ቀናት ውጭ ቢጠሩ፣ መልቀቅና አለመልቀቁ የአሠሪ ክለቦቻቸው በጎ ፈቃድ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሴኔጋል ወይም ኮትዲቯር ተጫዋቾቻቸውን ከአውሮፓ ክለቦች ስለሚሰበስቡ ከፊፋ ቀናት ውጭ ዋናውን ቡድናቸውን ማቋቋም አይችሉም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የሆኑት ዋልያዎቹ ግን በአብዛኛው በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ በመሆናቸው፣ ፌዴሬሽኑና ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ከተስማሙ በማንኛውም ወቅት ሊሰባሰቡ ይችላሉ። የወላይታ ድቻ ክለብ ተጫዋች ከሶዶ ተነስቶ ዝግጅት ላይ ለመገኘት የውጭ ክለብ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሊጉ የሚቋረጥበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ቢሆንም ዋጋው የሚወድቀው በክለቦች ላይ ነው፤ ሊጉ በድንገት በቆመ ቁጥር ክለቡ ደመወዝ እየከፈለ ያለ ጨዋታ ይቀመጣል፣ አሰልጣኙም ለሳምንታት የገነባው የጨዋታ ምት ይሰበርበታል።

የጨዋታው ቀን በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ላይም የራሱ ውጤት አለው። ፊፋ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ስሌት ቡድኖች ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ነጥብ ይጨመርላቸዋል ወይም ይቀነስባቸዋል፤ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው መጠን በጨዋታው ክብደትና በሁለቱ ቡድኖች የነጥብ ልዩነት ይወሰናል። የክብደቱ መለኪያ በፊፋ ቀናት ለሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ 10፣ ከእነዚያ ቀናት ውጭ ለሚደረገው 5፣ ለዓለም ዋንጫና ለአህጉራዊ ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ 25 ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን በ200 ነጥብ የሚበልጠውን ተጋጣሚ በፊፋ ቀን በወዳጅነት ጨዋታ ቢያሸንፍ 6.8 ያህል ነጥብ ያገኛል፤ ቢሸነፍ የሚያጣው 3.2 ያህል ብቻ ነው። በተቃራኒው በ200 ነጥብ የሚያንሰውን ጋብዞ ቢያሸንፍ 3.2 ያህል ሲያገኝ፣ ቢሸነፍ 6.8 ያህል ያጣል፤ እኩል ቢወጣ እንኳ ነጥብ ይቀነስበታል። ጨዋታው ከፊፋ ቀናት ውጭ ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በግማሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ደካማ ተጋጣሚ ጋብዞ በድል ደረጃን ማሻሻል ይቻላል የሚለው በደጋፊዎች ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ በሒሳቡ ሲፈተሽ ብዙም አያስኬድም።

ደረጃው ደግሞ ለክብር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የማጣሪያ ድልድል ሲወጣ ቡድኖች ወደ ቋት የሚገቡት በዚህ ሰንጠረዥ መሠረት ነው፤ ከታች ያሉት የቅድመ ማጣሪያ ዙር እንዲጫወቱ የሚደረግባቸው ጊዜም አለ። ኢትዮጵያ ለ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሌሶቶ ጋር በቅድመ ዙር የተገናኘችው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ ያለ ግብ፣ ማሴሩ ላይ 1 ለ 1 ተለያይታ ወደ ምድብ ማጣሪያው ያለፈችው ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠረችው አንዲት ግብ ብልጫ ነበር።

በቅርብ ዓመታት የወዳጅነት ጨዋታ ምን ሊሠራ እንደሚችል በግልጽ የታየው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 ካሸነፉ በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ደርሶ ሊጉ ተሰረዘ፤ ተጫዋቾቹም ለወራት ከውድድር ርቀው ቆዩ። አዲስ የተሾመው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድኑን ሲረከብ፣ በኅዳር ወር ከኒጀር ጋር ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታዎች ይጠብቁት ነበር። ለዚህም ዛምቢያ ወደ አዲስ አበባ ተጋብዛ ጥቅምት 12 እና 15 ሁለት ጨዋታዎች ተደረጉ፤ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 3 ለ 2፣ ሁለተኛውን 3 ለ 1 ተሸነፈች። ጥቅምት 27 ከሱዳን ጋር 2 ለ 2 ተለያየች። ከሦስት ጨዋታ አንድም ድል አለመገኘቱ በጊዜው ብዙዎችን ቢያሳስብም፣ አሰልጣኙ ግን በእነዚህ ቀናት ተጫዋቾችን እያፈራረቀ የሚመለከትበትና ለወራት ያልተጫወተ ሰውነት የሚፈታበት ጊዜ አግኝቶ ነበር። ቡድኑ ኒያሜ ላይ 1 ለ 0 ቢሸነፍም፣ ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0 ረታ። በመጋቢት ወርም ያው መንገድ ተደገመ፦ መጋቢት 8 ቀን ማላዊ ባሕር ዳር ላይ በወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከሳምንት በኋላ ማዳጋስካር በማጣሪያው በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የግብ ብዛት ተረታች፤ ኢትዮጵያም አቢጃን ላይ በኮትዲቯር ብትሸነፍም ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙም ያልተስተዋለው ነገር አራቱም የወዳጅነት ጨዋታዎች ከፊፋ ቀናት ውጭ መደረጋቸው ነው። የፊፋ ቀናት ለማጣሪያው ሲውሉ፣ ልምምዱና ሙከራው ከእነርሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ተፈጸመ። ይህም የተቻለው ተጫዋቾቹ አገር ውስጥ ስለነበሩ ሲሆን፣ ሽንፈቱም በደረጃ ስሌቱ ላይ የነበረው ክብደት ግማሽ ብቻ ነበር። ለኢትዮጵያ የሚመቸው ስልት ይኸው ይመስላል፤ ማጣሪያ ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ ከመጪው ባላጋራ ጋር የሚመሳሰል ጎረቤት ወይም የደቡብ አፍሪካ ቀጣና አገር ጋብዞ መሸነፍን ሳይፈሩ መሞከር። ለዚህ ግን ቀጠሮው ከወራት በፊት መያዝ አለበት፤ ሊጉም የዓመት መርሐ ግብሩን ሲያወጣ እነዚያን ሳምንታት አውቆ መተው ይኖርበታል።

ተጋጣሚ ማግኘት ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። የአውሮፓ አገሮች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸውን የኔሽንስ ሊግ ስለጀመሩ፣ ቀድሞ ለወዳጅነት ጨዋታ ክፍት የነበሩ ቀናቶቻቸው በአብዛኛው ተይዘዋል። በአካባቢያችን ደግሞ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ማለትም ሴካፋ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ብዙ ድርድር ጎረቤቶችን የሚያገናኝ መድረክ ነበር። ኢትዮጵያ አራት ጊዜ ዋንጫውን ወስዳለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር አስተናግዳዋለች። ይህ ውድድር ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዓመታት በመቋረጡ በአንድ ጊዜ ይገኙ የነበሩ ሦስትና አራት ጨዋታዎች ጠፍተዋል፤ እነርሱን በወዳጅነት ጨዋታ መተካት እያንዳንዱን ለየብቻ መደራደርን ይጠይቃል።

ድርድሩ የሚያጠነጥነው በገንዘብና በሜዳ ላይ ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ ሆቴሉንና የውስጥ መጓጓዣውን ማን እንደሚሸፍን በውል ይወሰናል፤ በእኩያ አገሮች መካከል እንግዳው የራሱን ጉዞ፣ ጋባዡ መስተንግዶውን ሲችል፣ ስመ ጥር ቡድኖች ግን ለመምጣታቸው ብቻ ከፍተኛ ክፍያ ይጠይቃሉ። አንጎላ የነጻነቷን 50ኛ ዓመት ለማክበር የዓለም ሻምፒዮኗን አርጀንቲናን ወደ ሉዋንዳ ጋብዛ በኅዳር 2018 ዓ.ም. 2 ለ 0 ተሸንፋለች፤ ይህ ዓይነቱ ግጥሚያ ለአገር ገጽታ ሊጠቅም ቢችልም ለማጣሪያ ዝግጅት የታሰበ አይደለም። ዋልያዎቹ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከጉያና ጋር ሲጫወቱም ዓላማው በዋሽንግተን አካባቢ ያለውን ብዙ ኢትዮጵያዊ ከቡድኑ ጋር ማገናኘትን ይጨምር ነበር። ስህተት የሚሆነው የበዓልና የዝግጅት ጨዋታዎች ተምታተው፣ አንደኛው የሌላውን ቦታ ሲይዝ ነው።

ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ጨዋታው በፊፋ ዘንድ በሙሉ ብሔራዊ ቡድን ደረጃ እንዲቆጠር የሁለቱም ፌዴሬሽኖች ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ደላላ ከገባበትም ፈቃድ ያለው የጨዋታ ወኪል መሆን አለበት። የተቀያሪዎች ቁጥርም ገደብ አለው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በ2003 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ጋር ሲጫወት ከዕረፍት መልስ አሥራ አንዱንም ተጫዋች በመቀየሩ፣ በቀጣዩ ዓመት የጨዋታው ሕግ በወዳጅነት ጨዋታ የሚፈቀደውን ቅያሪ በስድስት ወስኖት ነበር።

ሜዳን በተመለከተ የኢትዮጵያ ችግር የታወቀ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ የአገሪቱ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት አያሟሉም ተብለው፣ የጋናው ማጣሪያ በጆሃንስበርግ ተደረገ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽ 2 ለ 0 የተሸነፈችበት ታላቅ ድልም የተገኘው በሊሎንግዌ፣ በማላዊ ሜዳ፣ ከአገሬው ደጋፊ ርቆ ነው። ለስደት ጨዋታ የሚወጣው የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የሜዳ ኪራይ ለወዳጅነት ጨዋታ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የወላይታ ሕዝብ ከራሱ ሜዳ ርቆ የመጫወትን ችግር ከሌላው ቀድሞ ያውቀዋል። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ያነሳው ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የካይሮውን ዛማሌክ ሲገጥም፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 1 ያሸነፈው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ስታዲየም ነበር፤ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት 4 ለ 3 ሲያልፍ፣ ከደጋፊው ብዙው ቡድኑን በራሱ ከተማ አስተናግዶ የማየት ዕድል ሳያገኝ ነው ደስታውን ያከበረው። በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ከውድድሩ ሲወጣም የመልሱ ጨዋታ በሐዋሳ ተደርጓል።

ይሁንና የካፍ የስታዲየም ፈቃድ በዋናነት የሚጠየቀው ለውድድር ጨዋታዎች ነው። ለወዳጅነት ጨዋታ የሚያስፈልገው ደህና ሣር፣ በቂ ጥበቃ፣ ሕክምና፣ ማረፊያና የእንግዳው ቡድን ስምምነት ሲሆን፣ ይህ መጠነኛ መስፈርት እንደ ሶዶ ላሉ ከተሞች በር ይከፍታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ሶዶ የኳስ ፍቅሩ ለአገር የተረፈ ሕዝብ አላት፤ ከማጣሪያ በፊት ለሳምንት የሚዘጋጅ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጎረቤት አገር እዚያ ቢያስተናግድ፣ ከተማዋ የውጭ ቡድን መቀበልን ትለማመዳለች፤ ለትልቁ ፈቃድ የሚጎድላትንም በተግባር ትለያለች።

ስለዚህ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱን የወዳጅነት ጨዋታዎች ዕቅድ የሊጉ መርሐ ግብር ከመውጣቱ በፊት፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ለክለቦችና ለሕዝብ ይፋ ያድርግ፤ የወላይታ ዞንና የሶዶ ከተማ አስተዳደርም ሜዳቸውን አሰናድተው ከጨዋታዎቹ አንዱን ለማስተናገድ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ።