ለአካል ጉዳተኛ ረዳት መሆን ራሱን የቻለ ሙያ ስለ መሆኑ

በአርሲ፣ በጀጁ ወረዳ ከተማ በአርቦዬ፣ እንደ ሌላውም አገራችን ሁሉ፣ ዓይነ ስውሩን ወደ ሥራው የሚመራው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። አንዱን ለመርዳት ሲባል ሌላው ከትምህርቱ ይቀራል። ይህን ሥራ በደመወዝ የሚይዝ ጎልማሳ ቢገኝ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሕጉም መንገዱን ከፍቷል፤ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ረዳት እንዲመድብ ያዛል።

ወደዚህ ሙያ ለሚገባ ወጣት የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ ይጠይቅ እንጂ ሳይጠይቅ አይያዝ። ዓይነ ስውሩ የረዳቱን ክንድ ከክርኑ ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ረዳቱም ግማሽ እርምጃ ይቅደም፤ ጕድጓድ ወይም ደረጃ ሲደርስ ቆም ብሎ ይንገረው እንጂ አይጎትተው። ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ብርቱ ቍልቍለት ሲወርድ፣ የተቀመጠውን ሰው ፊት ወደ ዳገቱ መልሶ፣ ራሱ በስተኋላ እየተመለከተ ቀስ ብሎ ይውረድ። ባለጉዳይ ሲመጣም መልሱን ለባለቤቱ ይተው፤ የረዳት ተግባር ማገዝ ነው እንጂ በሰው ፈንታ መቍረጥ አይደለምና።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ለረዳት የሚሆን ደመወዝ በበጀት ብታስገቡ፣ ሠራተኛው ሥራውን ይሠራል፤ ልጁም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል።