በዕቃ ቤት ጥግ የተረሳ ብረት

በእስቴም ሆነ በሌላ ስፍራ ባሉ አጥቢያዎች ዕቃ ቤት እጀታው የወለቀ መጥረቢያ፣ የዛገ መጋዝና የዶለዶመ መሮ ተጥሎ እናያለን። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ግን አገልግሎቱ አላበቃም።

አስቀድመን የተሰነጠቀውን እንለያለን፤ የተሰነጠቀ መዶሻ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋልና ወደ ሥራ አይመለስም። የዛገው በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ታጥቦና ደርቆም ዘይት ይቀባል። ስለቱ በሞተር ሲሳል ቶሎ ቶሎ ውኃ ይነከር፤ ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን ያጣል። እጀታው ከደረቀ ወይራ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተርና ይላላል።

ከባዱን ጥገና ለአንጥረኛው እንስጥ፤ ዋጋውንም ሳናጓድል እንክፈል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ይሁንና ስድቡ ዛሬም ከአንደበታችን አልጠፋም። ጌታችን በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ማደጉን እያስተማርን የእጅ ባለሙያን ልንንቅ አይገባንም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት አሮጌውን መሣሪያ በውራጅ ብረት ዋጋ ከመሸጣቸው በፊት መርምረው ይመዝግቡ፤ ለሚጠግነው ባለሙያም በክብር ያስረክቡ።