የትንሿ አይሮፕላን ምልክት

በሳንሱሲ በኩል በአምቦ መንገድ የሚመላለሱትን ታክሲዎች የተመለከተ ሰው፣ የተለጠፈባቸውን ጥቅስና ሥዕል ሳያነብ አያልፍም። ታክሲው ከሌላው ታክሲ አይለይም፤ ባለቤቱ ምን እንደሚወድና በምን እንደሚያምን የሚናገረው ተለጣፊው ነው። የአይሮፕላን ሞዴልም እንደዚሁ ነው። ፕላስቲኩ ቅርጹን ይሰጣል፤ የየትኛው አገርና የየትኛው ዘመን መሆኑን የሚመሰክረው ግን በላዩ የሚለጠፈው ምልክት፣ ማለት ዴካል ነው።

ለምሳሌ ፋየርፍላይ የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላን እንውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ የበረረው በ1941 ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እየተነሣ ተዋግቷል። መርከቡን እንዳያጣብብ ክንፉ ይታጠፋል። ከጦርነቱ በኋላ የካናዳ ባሕር ኃይል ተገለገለበት፤ በ1950ዎቹም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት አየር ኃይል ከካናዳ ያገለገሉትን ገዛ። ለባሕር የተሠራው አይሮፕላን በዚህ ሁኔታ የአረንጓዴ፣ የቢጫና የቀይ ምልክት ይዞ በደጋ ሰማይ በረረ።

ከሞዴሉ ጋር በአንድ ሣጥን የሚሸጠው ዴካል ግን ብዙውን ጊዜ የታላላቆቹን መንግሥታት ምልክት የያዘ ነው፤ ነጋዴ ገዢ የሚበዛለትን ያትማልና። ሌላ የሚፈልግ ለብቻው የታተመ ዴካል ይገዛል፤ ካጣም ራሱ ያትማል።

አሠራሩ ከታክሲው ተለጣፊ ይለያል። ሥዕሉ የሚታተመው በስስ ብርሃን አስተላላፊ ቫርኒሽ ላይ ነው፤ ከሥሩ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ የተቀባ ወረቀት አለ። ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ሙጫው ይለቃል፣ ሥዕሉም ተንሸራቶ ሞዴሉ ላይ ያርፋል። ሞዴሉ አስቀድሞ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መለስለስ አለበት፤ ሻካራ ከሆነ አየር ከሥሩ ተይዞ ብርማ ጥላ ያሳያል። በቤት የሚያትም ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ፦ የቀለም ማተሚያ ሥራ በቫርኒሽ ካልተሸፈነ ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ ተራ ማተሚያም ነጭ ቀለም ስለሌለው፣ ቢጫው በጥቁር ገላ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከሥሩ ነጭ መቀባት ያስፈልጋል።

«ታዲያ ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። ነገሩን እንመልከት። በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ፋየርፍላዮች ሁለቱ ወደ ካናዳ ተመለሱ። አንደኛው ዛሬ በሺርዋተር የአቪየሽን ሙዚየም የሚታየው የካናዳ ባሕር ኃይልን መልክ ይዞ ነው። ካናዳውያን የራሳቸውን ታሪክ ማደሳቸው ተገቢ ነው። የእኛ ምልክት ግን ከዚህ አይሮፕላን ላይ ተነሥቷል፤ የሚታወሰው በፎቶግራፍና እንግዲህ በሚታተም ዴካል ነው። ክንፉ በ72 እጅ ሲያንስ 19 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሞዴል፣ የትልቁን አይሮፕላን ምስክርነት ተሸከመ ማለት ነው።

ምስክር ደግሞ መዋሸት የለበትም። የቀለሙ ቅደም ተከተል፣ የቁጥሩ ቦታ፣ የፊደሉ መጠን በግምት ከታተመ፣ ስሕተቱ እየተቀዳ እውነት ይመስላል። ማስረጃው ያለው ሩቅ አይደለም፤ በቢሾፍቱም ሆነ በአዲስ አበባ በቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረቦች ቤት፣ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ነው። ፎቶግራፉ ሳይደበዝዝ ባለቤቱን አስፈቅዶ መቅዳት፣ ዓመቱንና ቦታውንም ጠይቆ በጀርባው መጻፍ፣ ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። ዴካሉ ከዚያ በኋላ ይታተማል።